የሌዘር ሕክምና ብሬስ ባደረጉ ሕሙማን ድድ ላይ

የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ፣ በተለምዶ ብሬስ የሚባለው፣ ጥርስን እያቃና ድድን ለአደጋ ያጋልጣል። በየጥርሱ ላይ የሚለጠፉት ብራኬቶች፣ ሽቦውና የመንጋጋ ጥርስን የሚከቡት ቀለበቶች ብሩሽ የማይደርስባቸው ጥጋጥጎች ይፈጥራሉ። በዚያ የሚጠራቀመው ፕላክ ሲቆይ የባክቴሪያዎቹ ዓይነት ይለወጣል፤ ኦክስጅን የማይሹት፣ እንደ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስና ፕሬቮቴላ ኢንተርሚዲያ ያሉት፣ ከድድ ጠርዝ በታች ይበዛሉ። ድዱ ያብጣል፣ ይደማል። ያበጠ ድድ ደግሞ ለማጽዳት ይበልጥ ስለሚያስቸግር ችግሩ እየተባባሰ ይሄዳል።

ሌዘር ለዚህ ይረዳል ሲባል አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «የትኛው ሌዘር?» የሚለው ነው። ከ810 እስከ 980 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ዳዮድ ሌዘር በከፍተኛ ኃይል ሲሠራ ባክቴሪያን የሚገድለው በሙቀት ነው። በዝቅተኛ ኃይል የሚሰጠው ሌዘር ግን ሕመምንና ብግነትን ለማስታገስ የታሰበ እንጂ በራሱ ባክቴሪያ ገዳይ አይደለም፤ ሁለቱ ግን ብዙ ጊዜ ይምታታሉ።

ሦስተኛው የፎቶዳይናሚክ ሕክምና ነው። መሠረቱ ከሌዘር ይቀድማል፤ በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ ኦስካር ራብ የተባለ የሙኒክ የሕክምና ተማሪ አክሪዲን በተባለ ማቅለሚያ የተነከሩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ብርሃን ሲያርፍባቸው ፈጥነው እንደሚሞቱ አስተውሎ ነበር። የመጀመሪያው ሌዘር የተሠራው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። በአሁኑ አሠራር እንደ ሜቲሊን ብሉ ያለ ማቅለሚያ በድድ ኪስ ውስጥ ተጨምሮ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያም 660 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ማቅለሚያው ከብርሃኑ ያገኘውን ኃይል ለኦክስጅን ያስተላልፋል፤ የሚፈጠረው ሲንግሌት ኦክስጅን የባክቴሪያውን ሽፋን ይጎዳል። ዕድሜው እጅግ አጭር በመሆኑ ከተፈጠረበት ቦታ አይርቅም። እንደ ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች አንድ ዒላማ ብቻ ስለማይመታም ባክቴሪያዎቹ የሚላመዱት የመሆኑ ሥጋት አነስተኛ ነው።

ውጤቱ ግን ልክ አለው። ከጥርስ እጥበት ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የባክቴሪያ ቁጥርና የድድ መድማት እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ አብዛኞቹ በጥቂት ሕሙማን ላይ የተደረጉ፣ አሠራራቸውም የተለያየ ነው። ሽቦው እስካለ ድረስ ባክቴሪያው ተመልሶ ይሰፍራል። ስለዚህ ሌዘር እጥበትን ያግዛል እንጂ አይተካም።

በኢትዮጵያ አንድ ነገር ልዩ ትኩረት ይሻል። የዳዮድ ሌዘርን ብርሃን ሜላኒን ይመጠዋል፤ በባህላዊ ንቅሳት ድድ ውስጥ የገባው ጥላሸትም እንዲሁ። ጠቆር ያለ ወይም የተነቀሰ ድድ ፈጥኖ ስለሚግል፣ ለፈዛዛ ድድ የተወሰነውን የኃይል መጠን እንዳለ መጠቀም ቃጠሎ ሊያስከትል ይችላል። የብራኬቱ ብረትም ብርሃኑን ስለሚያንጸባርቅ ሐኪሙ፣ ረዳቱና ታካሚው ለሞገዱ የተሠራ መነጽር ማድረግ አለባቸው።

መሣሪያው በሌለበት ክሊኒክ ሽቦው በሚጠበቅበት ቀጠሮ ሁሉ ድዱን መመርመር፣ ሲያስፈልግ ማጠብና በሽቦው ሥር የሚገባውን ትንሽ ብሩሽ አጠቃቀም በታካሚው እጅ ማለማመድ ይቻላል። የክሎርሄክሲዲን መጉመጥመጫ ጥርስን ስለሚያበልዝ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይታዘዛል።