360 ሺሕ ምልክት በአንድ ሌሊት

ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም. እሑድ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ50 ላይ በመላው ስዊድን መንገድ ላይ የተገኘ ተሽከርካሪ ሁሉ ቆመ። ሹፌሮቹ ቀስ ብለው ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገሩና እንደገና ቆሙ። ሬዲዮው ሰዓቱን ቆጥሮ ልክ 11 ሰዓት ሲል መንገዱ ተከፈተ። ከ1734 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግራውን ይዞ የኖረ አገር በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀኙን ያዘ።

ስለዚህ ቀን የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ ስለ 10 ደቂቃዋ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከእሷ በፊት ያለፈው አራት ዓመት ነው። የስዊድን ፓርላማ ለውጡን ያጸደቀው በ1963 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለዚሁ ሥራ የተቋቋመው ኮሚሽን ከዚያ በኋላ አገሪቱ ውስጥ ያለውን ምልክት፣ መስመር፣ መብራትና በር ሁሉ ሲቆጥር ከረመ። ወደ ሌላኛው ጎን የሚዛወረው የመንገድ ምልክት 360 ሺሕ ያህል ሆነ። የአገሪቱ ሕዝብ ያኔ 7.8 ሚሊዮን ገደማ ስለነበር፣ ለ22 ሰው አንድ ምልክት እንደ ማለት ነው። አብዛኛው የተዛወረው በዚያችው ሌሊት ነው። መንገዱ ለሥራው እንዲለቀቅ የግድ አስፈላጊ ካልሆነ በቀር ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት መንዳት ተከለከለ። ስቶክሆልም ውስጥ ደግሞ ክልከላው ከቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት እስከ እሑድ 9 ሰዓት፣ ማለትም ለ29 ሰዓት ዘለቀ።

በየመስቀለኛ መንገዱ ተጨማሪ ምሰሶና ምልክት አስቀድሞ ተተክሎ በጥቁር ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይጠብቅ ነበር። የአስፋልቱ ቅብም እንዲሁ፣ አዲሱ ነጭ መስመር ቀድሞ ተቀብቶ በጥቁር ቴፕ ተሸፍኗል። በሌሊቱ የተሠማሩት ሠራተኞች የአዲሱን ልብስ እየገፈፉ የአሮጌውን ይሸፍኑ ነበር።

ከሁሉ በላይ የአሠራሩን ጥንቃቄ ያሳየኝ የመኪናው የፊት መብራት ነው። አጭሩ መብራት ሆን ተብሎ ወደ መንገዱ ዳር እንዲያደላ ይሠራል፤ የእግረኛውን መሄጃ ያሳያል፣ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን አይወጋም። ዳር የነበረው መሐል ሲሆን ግን ያው መብራት ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል። ስለዚህ የእያንዳንዱ መኪና መብራት መቀየር ነበረበት። ሁሉም ሰው በአንድ ሌሊት ጋራዥ ሊሰለፍ ስለማይችል አዲሱ መብራት አስቀድሞ ይገጠምና፣ ወደ ቀኝ የሚያደላው የመስታወቱ ክፍል ብርሃን በማያሳልፍ ወረቀት ይሸፈን ነበር። ወረቀቱ ላይም ከቀኑ በፊት እንዳይነሳ የሚከለክል ማስጠንቀቂያ ታትሟል። ሹፌሩ በዚያ እሑድ የሚቀረው ወረቀቷን ልጦ መጣል ብቻ ሆነ።

አውቶቡስ ግን በወረቀት አይፈታም። በግራ የሚሄድ አውቶቡስ በሩ በግራ ነው። በቀኝ ሲሄድ ተሳፋሪው የሚወርደው መንገዱ መሐል፣ በሚከንፉት መኪኖች ፊት ይሆናል። ስለዚህ 1,000 ያህል አዲስ አውቶቡሶች ተገዙ፣ ወደ 8,000 የሚጠጉ አሮጌዎች ደግሞ በሌላኛው ጎን በር ተከፈተላቸው። ከቀሩት አንዳንዶቹ በግራ ወደሚነዱት ፓኪስታንና ኬንያ ተሸጡ። ስቶክሆልም መሐል ከተማዋ ላይ የነበሩትን ትራሞች ጭራሽ አቋረጠች። የሁሉም ወጪ ተደምሮ 628 ሚሊዮን ክሮና ደረሰ፤ በነፍስ ወከፍ 80 ክሮና ገደማ ነው።

ይህ ሁሉ የተደረገው ሕዝቡ አልፈልግም ካለ በኋላ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 83 ከመቶ የሚሆነው መራጭ በግራ እንቀጥል ብሏል። ሕዝበ ውሳኔው የሚያስገድድ ስላልነበረ የጠቅላይ ሚኒስትር ታገ ኤርላንደር መንግሥት ከስምንት ዓመት በኋላ ጉዳዩን መልሶ አነሳው። በበኩሌ መንግሥቱ ልክ ነበር እላለሁ፤ ለዚህም ምክንያቴ የመኪናው መሪ ነው።

ስዊድናውያን በግራ ቢነዱም ከመኪኖቻቸው 90 ከመቶ ያህሉ የግራ መሪ ነበሩ፤ እኛ ዛሬ እንደምንነዳቸው ማለት ነው። ሹፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ፣ ከቦዩ በኩል ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ከአንድ ከባድ መኪና ኋላ ሲሆን፣ ደርቦ ለማለፍ ከፊት የሚመጣ መኖር አለመኖሩን ማየት አለበት። ለማየት ደግሞ የመኪናውን እኩሌታ ወደ ተቃራኒው መስመር ማውጣት የግድ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ተሳፋሪ ቀድሞት ያያል፣ መሪውና ፍሬኑ ግን ሹፌሩ ዘንድ ናቸው። ጎረቤቶቹ ኖርዌይና ፊንላንድ በቀኝ ይነዱ ስለነበር ድንበር የሚሻገረው ሁሉ ጎን ይቀይራል። በዚያ ላይ የመኪናው ብዛት ከ500 ሺሕ ወደ 1.5 ሚሊዮን አሻቅቦ ነበር። በዘገዩ ቁጥር የሚለወጠው መኪና፣ የሚነቀለው ምልክትና የሚከፈለው ገንዘብ ይጨምራል።

የዚህን ችግር ግልባጭ ማየት የፈለገ ሐርጌሳ ይሂድ። እዚያ የሚነዳው በቀኝ ነው፣ በብዛት የሚታዩት መኪኖች ግን ከጃፓን የመጡ የቀኝ መሪ ናቸው።

ለመሆኑ ዓለም ለምን ለሁለት ተከፈለ? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምክንያት ጋሪና ፈረስ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን አሜሪካና ፈረንሳይ ውስጥ ብዙ ፈረስ የሚጎትቷቸው ትልልቅ የጭነት ጋሪዎች ነበሩ። ነጂው ጋሪው ላይ ሳይሆን በግራ የኋላ ፈረስ ላይ ይቀመጣል፤ ቀኝ እጁ ለአለንጋው ነጻ ይሆንለታል። ከፊት የሚመጣው ጋሪ ጎማ ከጎማው እንዳይጋጭ ለማየትም በግራው እንዲያልፍ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ራሱ ቀኙን ይይዛል። ፔንሲልቬኒያ በ1792 እ.ኤ.አ. ቀኝን በሕግ ደነገገች። እንግሊዝ ደግሞ ግራን በ1835 እ.ኤ.አ. ለመላው አገሯ ሕግ አድርጋ ወደያዘቻቸው ግዛቶች ወሰደችው። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ አንድ ሦስተኛው ገደማ በግራ በሚነዳባቸው አገሮች ይኖራል፤ ሕንድ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ፓኪስታንና ጃፓን አሉበትና።

ወደዚያ እሑድ ልመለስ። የተፈራው እልቂት አልደረሰም። በዕለቱ በመላ አገሪቱ የተመዘገበው 157 ቀላል አደጋ ነበር፤ ሰው የተጎዳው በ32ቱ ብቻ ነው። በማግስቱ ሰኞ፣ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ሥራ በወጣበት ቀን፣ 125 አደጋ ተመዘገበ። በቀደሙት ሰኞዎች ቁጥሩ ከ130 እስከ 198 ይደርስ ነበር። ለሞት ያበቃ አንድም አልነበረም። የኢንሹራንስ የካሳ ጥያቄ በ40 ከመቶ ቀነሰ። በ1966 እ.ኤ.አ. በስዊድን መንገዶች 1,313 ሰዎች ሞተው ነበር፣ በለውጡ ዓመት 1,077 ሆኑ።

ፍጥነት በሕግ ተቀንሶ ነበር፤ በየመንገዱም የሚያስታውስ ምልክት ተተክሏል። ሰው ደግሞ ፈርቶ ነበር፤ የፈራ ሹፌር ያያል፣ ይጠብቃል፣ ቅድሚያ ይሰጣል። ግን ስድስት ሳምንት ሲያልፍ የካሳ ጥያቄው ወደ ነበረበት ተመለሰ። በ1969 እ.ኤ.አ. የአደጋው መጠን ለውጡ ከመምጣቱ በፊት ወደነበረው ደረጃ ወጣ። ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። መንገዱ ያው፣ መኪናው ያው፣ ምልክቱ ከበፊቱ የተሻለ ሆኖ ሳለ የጎደለው ጥንቃቄው ብቻ ነበር።

ስዊድን ብቻዋን አይደለችም። አይስላንድ በዓመቱ ተከተለች። በእኛው አህጉር በእንግሊዝ እጅ የነበሩት ጋምቢያ፣ ሴራሊዮን፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ጋና ከ1965 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ወደ ቀኝ ተሻገሩ። ሳሞአ በ2009 እ.ኤ.አ. በተቃራኒው ከቀኝ ወደ ግራ ሄደች፤ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ርካሽ መኪና ማስመጣት እንዲቻል ነበር።

ከስዊድንም ከእነዚህም ሁሉ የቀደመችው ግን ኢትዮጵያ ናት። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ስትሻገር ስቶክሆልም ገና ምልክቶቿን እያዘጋጀች ነበር። ዛሬ ከስድስቱ ጎረቤቶቻችን በግራ የምትነዳው ኬንያ ብቻ ናት። ሞያሌን አልፎ ወደ ናይሮቢ የሚወርድ የእኛ ሹፌር የግራ መሪውን ይዞ በግራ ይነዳል። ከባድ መኪና ደርቦ ለማለፍ ሲያስብ የሚገጥመው ስዊድናውያኑን 628 ሚሊዮን ክሮና ያስወጣቸው ችግር ነው።

ስዊድን የዚያችን ሌሊት ምልክትና በር ቆጥራ፣ ፎቶ አንስታ፣ ጽፋ አስቀምጣለች። በሰኔ 1956 ዓ.ም. 20 ዓመት ሞልቶት መሪ ይጨብጥ የነበረ ኢትዮጵያዊ ሹፌር ዛሬ 80 ዓመት አልፎታል። በቤታችሁ፣ በሰፈራችሁ ወይም በዕድራችሁ እንዲህ ያለ አባት ካለ፣ ሳይዘገይ ያን ሰኞ ማለዳ እንዴት እንደነዳ ጠይቁት። የነገራችሁንም በስሙ ጽፋችሁ አስቀምጡት።