የቆየ ጠባሳ ዳግም ሲቆስል

በነርስነት ካገለገልኩባቸው ዓመታት የማልረሳቸው አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ከጉልበታቸው ጀርባ ያለው ቁስል ይሸታል፣ ሲነካ ይደማል፣ ጠርዙም እንደ ከንፈር ተገልብጧል። «እናቴ፣ መቼ ጀመረዎት?» ስላቸው፣ «ኧረ ልጄ፣ ይሄማ የልጅነቴ ነው» አሉኝ። በሰባት ዓመታቸው ምድጃ ላይ ወድቀው ኖሯል። ጠባሳው ከተሰነጠቀ ዓመት አልፎታል፤ ቅቤ እየቀቡ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለውት ከረሙ። ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ካንሰር ሆነ። እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን እግሩ ይተርፍ ነበር ይሆን እያልኩ ዛሬም አስባለሁ።

ቃጠሎንና ካንሰርን ምን አገናኛቸው? ቆዳችን ሲላጥ ራሱን የሚተካው ከሥር ካሉትና በጸጉር ሥሮች ዙሪያ ከሚገኙት ሕዋሳት ነው። ላይ ላዩን የነካ ቃጠሎ እነዚህን ስለማያጠፋ ብዙውን ጊዜ ያለ ጠባሳ ይድናል። ጥልቅ ቃጠሎ ግን ያጠፋቸዋል። ያኔ ቁስሉ ከዳር ከዳር እየተሳበ ይዘጋል፤ የሚተካውም የማይለጠጥ፣ ላብ የማያወጣ፣ በቀላሉ የሚላጥ ጠባሳ ነው። በተለይ መታጠፊያ ላይ ከሆነ በተራመድን ቁጥር ይሰነጠቃል፣ ይድናል፣ ደግሞ ይሰነጠቃል። ሕዋሳቱ ለዓመታት ያለ ዕረፍት ሲባዙ ኖረው አንድ ቀን ልጓም ይበጥሳሉ። በፈረንሳዊው ሐኪም ስም «የማርጆላን ቁስል» ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከቃጠሎው 30 ዓመት ያህል ቆይቶ ስለሆነ ሰው ሁለቱን አያገናኝም። ጠባሳ ያለበት ሁሉ አይደንግጥ፤ የሚያጋጥመው ጥቂቱን ሰው ነው። ጥቁር ቆዳ ፀሐይ ከሚያመጣው ካንሰር በመጠኑ ይጠብቀናል፤ ከዚህኛው ግን አይጠብቀንም።

ስለዚህ አያቶች፣ የድሮ ጠባሳችሁን እዩት። ቆስሎ በጥቂት ሳምንታት ካልዳነ፣ ከጠጠረ፣ ከደማ ወይም ሽታ ካመጣ ናሙና ይወሰድላችሁ። በብብት ወይም በጉያ እብጠት ከተሰማችሁም አትዘግዩ።

ወላጆች ደግሞ፣ ልጅ ሲቃጠል የጥርስ ሳሙናውን፣ እንቁላሉን፣ ቅቤውን ተዉት። (እኔም እናቴ ሊጥ ለጥፋብኝ ታውቃለች፤ አልፈርድባትም።) የቧንቧ ውኃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት፤ በረዶ አይሁን። ሌላው ሰውነቱ እንዳይበርደው ሸፍኑት፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አልብሳችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። በሁለት በሦስት ሳምንት ያልዘጋ ጥልቅ ቁስል ከጭን በተወሰደ ስስ ቆዳ መሸፈን ሊያስፈልገው ይችላል። አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለ።

ለምርመራ ስትሄዱ መጀመሪያ መቼ እንደተቃጠላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። እኚያ እናት ባልጠይቃቸው ኖሮ አይነግሩኝም ነበር።