መርዝ በመኖሪያ ቤት

(ድምፅ፦ የባቡር ጉዞ፤ ቀስ በቀስ እየራቀ ይጠፋል)

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 1957፣ ቺካጎ። በፊልድ ሙዚየም የሚሠሩት የእባብ ሊቅ ካርል ፓተርሰን ሽሚት፣ ዝርያው እንዲለይ ከከተማው መካነ እንስሳት የተላከላቸውን እባብ በእጃቸው ያዙ። ቡምስላንግ የሚባል የአፍሪካ የዛፍ እባብ ነው፤ ገና ያልጎለመሰ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር የማይሞላ። አውራ ጣታቸውን ነደፋቸው።

በዚያን ዘመን ብዙ ባለሙያዎች፣ የመርዝ ጥርሱ ወደ አፉ ኋላ የሆነ እባብ ሰው ይገድላል ብለው አያስቡም ነበር። ሽሚት ሐኪም ቤት አልሄዱም። ይልቁንም የሚሰማቸውን ሁሉ መመዝገብ ያዙ፦ ወደ ቤት ሲመለሱ ባቡር ላይ ያጋጠማቸውን ማቅለሽለሽ፣ ብርድ ብርድ ማለቱን፣ የድዳቸውን መድማት። በማግስቱ ጠዋት የተሻላቸው መስሏቸው ቁርስ በሉ። ከሰዓት በኋላ ሞቱ።

የቡምስላንግ መርዝ አይቸኩልም። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ንጥረ ነገሮች አሟጦ ይጨርሳል፤ የተነደፈው ሰው ደህና ነኝ እያለ በውስጡ ይደማል።

(ሙዚቃ፦ ዝግ ያለ)

ተራኪ፦ 18 ዓመት አለፈ። ፍራንክፈርት ውስጥ፣ የዜንከንበርግ ሙዚየም ዳይሬክተር የነበሩት የ80 ዓመቱ ሮበርት ሜርተንስ፣ ራሳቸው የሚያሳድጉትን ቀጭን የአፍሪካ የዛፍ እባብ ሲመግቡ ተነደፉ። 18 ቀን ታመው አረፉ። ለዚያ እባብ መርዝ ማርከሻ አልነበረም። ዛሬም የለም።

እነዚህ ሰዎች እባብን በማወቅ በዘመናቸው የሚስተካከላቸው ጥቂት ነበር። ዛሬ መርዘኛ እባብ ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ የሚያኖር ወጣት "ጠባዩን አውቀዋለሁ" ሲል ስንሰማ ልናምነው አይገባም።

ማርከሻ የሚዘጋጀው ፈረስን ወይም በግን ጥቂት በጥቂት መርዝ እየወጉ፣ ከደሙ የሚገኘውን መከላከያ በማጣራት ነው። ለአንዱ ዝርያ የተሠራው ለሌላው ላይበጅ ይችላል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1977 ለሳይንስ የታወቀው የኢትዮጵያ ተራራ እፉኝት ባሕር ማዶ በአርቢዎች እጅ ይገኛል፤ ለእርሱ ተብሎ የተሠራ ማርከሻ ግን የለም።

ስለዚህ የአርቢው ኃላፊነት የሚጀምረው እባቡን ከመግዛቱ በፊት ነው። ማርከሻው በየትኛው ሐኪም ቤት፣ ስንት ብልቃጥ ይገኛል? ሣጥኑ ይቆለፋል? የዝርያው ስም ተጽፎበታል? እባቡ የሚነካው በረጅም መንጠቆ፣ ሌላ ሰው ባለበት ነው? በባዶ እጅ ይዞ ለካሜራ መታየት ግን ድፍረት አይባልም፤ በሐኪሙና በቤተሰብ ላይ የተጫነ ዕዳ ነው።

በጎረቤትም ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በጀርመኗ ሄርነ ከተማ አንድ ኮብራ አምልጦ 30 የሚሆኑ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። እባቡ የተያዘው ከቀናት ፍለጋ በኋላ ነው። ከተማዋ የምትገኝበት ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2021 በግለሰብ ቤት መርዘኛ እባብ አዲስ ማሳደግን የሚከለክል ሕግ ሥራ ላይ አዋለ። ትክክለኛ ሕግ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰዎች በእባብ ተነድፈው ይሞታሉ። አብዛኞቹ ማርከሻ በአቅራቢያቸው የማያገኙ ገበሬዎች፣ እረኞችና ሕፃናት ናቸው። ማርከሻውን አስቀድሞ ያላዘጋጀ ሰው መርዘኛ እባብ ቤቱ አያስገባ፤ ያስገባም ካለ፣ ለመካነ እንስሳት ወይም ለምርምር ተቋም ያስረክብ።