ራስ ምታቱ ከቤት ስትወጡ የሚተዋችሁ ከሆነ ምድጃችሁን ጠርጥሩ!

የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፡፡ ዝናቡ ጠዋት ይጀምርና ማታም አይጨርስም፡፡ የተሰጣ ልብስ ሦስት ቀን ሙሉ አይደርቅም፣ ብርድ ልብሱ ራሱ ይረጥባል፡፡

ታሪኩ የሁለት ጓደኛሞች ነው፡፡ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው አብረው የሚኖሩ ሁለት ሴቶች ናቸው፡፡ ስማቸው ይቆየን፡፡ አንደኛዋ ወዳጄ ናት፡፡ ባለፈው ክረምት መንገድ ላይ አግኝቻት "ምነው ከሳሽ?" ብላት፣ "ወላሂ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው" አለችኝ፡፡ ታይፎይድ ነው ተብላ መድኃኒት ጨርሳለች፡፡ ወባ ተመርምራ የለባትም፡፡ ጎረቤት ደግሞ "ብርድ ነው የመታሽ" ብሎ ዳማከሴ አጠጥቷታል፡፡ የሚገርመው አብራት የምትኖረውም ልጅ ያው ራስ ምታት፣ ያው ማቅለሽለሽ ነው ያለባት፡፡ ይባስ ብሎ ሁለቱም ሥራ ገብተው ረፋድ ሲሆን ይሻላቸዋል፡፡ ማታ ቤት ሲገቡ ደግሞ ይመለስባቸዋል፡፡

"ቤቱ ነገር ያለበት ይመስለኛል" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፡፡ ድግምት ማለቷ ነው እንግዲህ!

ቤቱስ ነገር ነበረበት፡፡ ሄጄ አየሁት፡፡ የመስኮቱ ክፍተት በጋዜጣ ተወትፏል (የኛም ሳይኖርበት አይቀርም)፡፡ የበሩ ሥር በጨርቅ ተደፍኗል፡፡ ጥግ ላይ ባለ ሲሊንደር ምድጃ ምንም ሳይጣድበት ይነዳል፤ ቤት ማሞቂያ መሆኑ ነው! ከበላዩ እርጥብ ካልሲ በገመድ ተንጠልጥሏል፡፡ ነበልባሉ ደግሞ እንደ ሻማ ቢጫ ነው፡፡ የድስቱ ቂጥ በጥላሸት ጠቁሯል፡፡

ቢጫውና ጥላሸቱ ናቸው ምስጢሩን ያወጡት፡፡ ጋዝ በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፡፡ አየር ሲያጥረው ግን በደንብ አይነድም፤ ያኔ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል፡፡ ይህ መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፡፡ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር ከኦክስጅን ይልቅ ይህንን መርዝ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፡፡ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል ማለት ነው፡፡ ሲበዛበት እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ከዚያ እንቅልፍ የማይነሳም አለ፡፡

ምድጃውን ከፈትነው፡፡ ስንት ቀን የገነፈለ ሽሮ፣ ከጀበና የፈሰሰ ቡና፣ አቧራ... ምን ልበላችሁ! አጸዳዱ ከባድ አይደለም፡፡ በመጀመሪያ ሲሊንደሩ ተዘግቶ ምድጃው ይቀዝቅዝ፡፡ እሳቱ የሚወጣባቸው ክብ ክዳኖች ይነቀሉና ለብ ባለ ውሃና በኦሞ ይዘፍዘፉ፡፡ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈተጉ፤ የተደፈኑት ቀዳዳዎች በመርፌ ይከፈቱ፡፡ ጠብ የሚል ውሃ እስከማይቀር ድረስ ሳይደርቁ አይመለሱም፡፡ ከሥር ያለችውን ጋዙ የሚወጣባትን ጥቃቅን ቀዳዳ ግን በመርፌ እንዳትነኳት! ከሰፋች ጋዙ ይበዛና ቢጫው ይብሳል፡፡ እሷ የባለሙያ ሥራ ናት፡፡ ጸድቶም ቢጫ ሆኖ ከቀጠለ ምድጃው ለባለሙያ ይሰጥ፡፡

ጎማውንም እዩት፡፡ ጫፍና ጫፉን አጠፍ አድርጋችሁ ስትመለከቱት የተሰነጣጠቀ ከሆነ በፕላስተር አትጠቅልሉት፤ ለውጡት፡፡ ከዚያ ኦሞ በውሃ በጥብጣችሁ፣ ሲሊንደሩ ተከፍቶ ምድጃው እንደተዘጋ፣ ጎማው በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ አረፋውን ቀቡት፡፡ አረፋው እያበጠ የሚፈነዳ ከሆነ ጋዝ ያፈሳል፡፡ በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አይቻለሁ፡፡ እግዜር ነው ያተረፈው! የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፡፡ ከሸተታችሁ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ውጡ፡፡ መብራት አታብሩ፤ የበራውንም አታጥፉ፡፡

አሁን "ምድጃዬ ሰማያዊ ነው፣ እንግዲህ ልሙቅበት" የሚል አይጠፋም፡፡ አይሆንም፡፡ በተዘጋ ክፍል ሰማያዊውም ቢሆን አየሩን እየጨረሰ ይሄዳል፤ አየሩ ሲሳሳ ደግሞ መርዙን ማውጣት ይጀምራል፡፡ ምድጃ ማብሰያ ነው፡፡

ከሰሉ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፡፡ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን "አሁን አይጎዳም" ብለን ወደ ቤት የምናስገባው ሁሉ ተሳስተናል፤ መርዙ ከቀዩም ፍም ይወጣል፡፡ ቡና ተፈልቶ ካበቃ ከሰሉ ውጪ ይደር፡፡ አጋሮና ሊሙ ገነት ለቡና ለቀማ ሄዳችሁ በአንድ ክፍል አምስት ስድስት ሆናችሁ የምታድሩ ልጆች፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል፡፡

ሰው ከተመታ ቶሎ ወደ ንጹህ አየር ይውጣ፤ ከዚያ ሐኪም ቤት ይሂድ፡፡ ወተት ማጠጣት አይረዳውም፤ መርዙ ያለው ደሙ ውስጥ ነው፡፡ የሚረዳው ኦክስጅን ነው፡፡ ለሐኪሙም "ቤት ውስጥ እሳት ነበር፣ አብራኝ የምትኖረውም ታማለች" በሉት፤ ካልነገራችሁት ታይፎይድ ሊመስለው ይችላል፡፡

ወዳጄ ምድጃዋን አጸዳች፣ ጋዜጣውን ከመስኮቱ ነቀለች፣ ማታ ማታ በሦስት ብርድ ልብስ ትተኛለች፡፡ አከራይዋ "ዝናቡ ግድግዳዬን አበላሸው" ብለው አንድ ሰሞን አኩርፈዋት ነበር፡፡ ራስ ምታቱ በሳምንቱ ለቀቃት፡፡ ካልሲው ግን እስካሁን አይደርቅም፡፡