የመኪና ጭስ ወደ ተሳፋሪዎች ክፍል የሚገባው እንዴት ነው? ምንጩስ እንዴት ይገኛል?

በአቧራማ መንገድ የተጓዘን መኪና ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ አቧራው በብዛት የሚለብሰው በኋላው መስታወት ላይ ነው። መኪናው አየሩን ሰንጥቆ ሲያልፍ ከጀርባው የአየር ግፊቱ ዝቅ ይላል። በዚያ ክፍተት የሚሽከረከረው አየር አቧራውን መልሶ ወደ መኪናው ይስበዋል።

የጭስ ማውጫው ጫፍ የሚገኘውም እዚያው ነው። አቧራውን የሚመልሰው አየር ጭሱንም ይመልሳል። ከኋላ በኩል ያረጀ የጎማ ማሸጊያ ወይም ያልተደፈነ ቀዳዳ ካለ፣ ጭሱ ሰዎች ወደተቀመጡበት ክፍል ይዘልቃል።

የስፖርት መኪኖች ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ውስጣቸው ጠባብ ነው፤ ከወንበሩ እስከ ጭስ ማውጫው ያለው ርቀትም አጭር ነው። ጣሪያቸው ሲከፈት ከኋላ የሚዞረው ነፋስ ጭሱን ወደ አሽከርካሪው ሊመልሰው ይችላል። በዚያ ላይ አንዳንድ ባለቤቶች ለድምፅና ለጉልበት ሲሉ ማርሚታውን ያስቀይራሉ፤ የጭሱን መርዛማነት የሚቀንሰውን ካታሊቲክ ኮንቨርተርም የሚያስወጡ አሉ።

ከሽታው ይልቅ የማይሸተው

በጭስ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለምም ሆነ ሽታ የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ሰውነት ቀስ በቀስ ኦክስጅን ያጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። አሽከርካሪው ግን የመንገድ ድካም ወይም ረሃብ ነው ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል።

ስለዚህ የጭስ ሽታ እንደ ማስጠንቀቂያ መታየት ይኖርበታል። በመልካም ሽታ መሸፈን ማስጠንቀቂያውን ብቻ ያጠፋል፤ አደጋው ባለበት ይቀጥላል። የሽታ አለመኖርም በራሱ የደኅንነት ማረጋገጫ አይሆንም።

የፖሊስ መኪኖቹ ጉዳይ

በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት የኦስቲን ከተማ ፖሊስ እአአ በሐምሌ 2017 ወደ 400 የሚጠጉ ፎርድ ኤክስፕሎረር የፖሊስ መኪኖቹን ከሥራ አስወጥቶ ነበር። ምክንያቱም ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል የሚል ስጋት ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደርም የዚህን ዓይነት መኪኖች ሲመረምር ቆይቶ፣ እአአ በጥር 2023 ምርመራውን መኪኖቹ እንዲሰበሰቡ ሳያዝዝ ዘግቷል። በፖሊስ መኪኖች ላይ ለታየው ከፍተኛ መጠን ምክንያት ሆነው የተገኙት፣ ለመብራትና ለሌሎች መሣሪያዎች ተከላ ከተበሱ በኋላ በሚገባ ያልታሸጉ ቀዳዳዎች እንዲሁም ከኋላ የደረሱ ግጭቶች ያስከተሏቸው ክፍተቶች ነበሩ።

እነዚህ መኪኖች የስፖርት መኪኖች አይደሉም፤ የጭሱ መንገድ ግን አንድ ነው። ሽቦ ለማሳለፍ የተበሳ አንድ ቀዳዳ ወይም ከግጭት በኋላ በትክክል ያልገጠመ የኋላ በር በቂ መግቢያ ሊሆን ይችላል።

መቼ ነው የሚሸተው?

ፍለጋው የሚጀምረው በዚህ ጥያቄ ነው። ሽታው የሚበረታው መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራና ማራገቢያው ሲከፈት ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ፊት ያመዝናል። ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ማኒፎልድ ሊሰነጠቅ ወይም ጋስኬቱ ሊቃጠል ይችላል። ከኮፈኑ ሥር የሾለከው ጭስ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ባለው አየር ማስገቢያ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል።

ሽታው የሚመጣው በጉዞ ላይ፣ በተለይም የጎን መስኮት ሲከፈት ከሆነ ደግሞ ምንጩ ከኋላ ሳይሆን አይቀርም። የተከፈተው መስኮት የውስጡን ግፊት ዝቅ ሲያደርገው ጭሱ ከኋላ ይሳባል። መስኮት መክፈት አንዳንድ ጊዜ ችግሩን የሚያባብሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍተሻው

ለፊተኛው ክፍል ምቹው ጊዜ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ነው። የሚያፈስ ማኒፎልድ ብዙ ጊዜ ፈጣን የ“ትክ ትክ” ድምፅ ያሰማል፤ ሞተሩ ሲግል ብረቱ ስለሚሰፋ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። በመጋጠሚያዎች ዙሪያ የሚታይ ጥላሸትም የሾለከ ጭስ አሻራ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በጭስ ማውጫው ጫፍ ቀለል ያለ ነፋስ እየነፉ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ መቀባት ይቻላል። አረፋ የሚነሣበት ቦታ ቀዳዳው ያለበት ነው።

ለኋላው ክፍል አንድ ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱን በበሩና በማሸጊያው ጎማ መካከል አድርገው በሩን ይዝጉና ይሳቡት። ያለ ምንም ተቃውሞ ከወጣ ጎማው በዚያ ቦታ አይዘጋም ማለት ነው። የኋላ መብራቶች ጋስኬት፣ የወለል መድፈኛ ጎማዎችና ሽቦ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎችም መታየት አለባቸው።

ጥገናው

ቅድሚያ የሚሰጠው ለጭሱ ምንጭ ነው፦ የተቃጠለ ጋስኬት ይቀየራል፤ የላላ ብሎን ይጠብቃል፤ የተበሳ ቱቦ ይበየዳል ወይም ይለወጣል። ከዚያ መግቢያዎቹ ይታሸጋሉ። የተቀየረው ማርሚታ ጫፍ ከመኪናው ጀርባ በታች ቀርቶ ከሆነ፣ ወደ ውጭ እንዲዘልቅ ማስረዘም ይረዳል። ፋብሪካው ለአየር ማስወጫ ብሎ የሠራቸውን ክፍተቶች መድፈን ግን አይገባም። ከጥገናው በኋላ በካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ፣ መኪናው ቆሞም እየተጓዘም፣ መፈተሽ ያስፈልጋል።

በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ መኪኖች የሚገዙት በሌላ አገር ካገለገሉ በኋላ ነው። ኬንያ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመዘገቡ እስከ 8 ዓመት የሆናቸውን መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዲገቡ ትፈቅዳለች። ጎማና ጋስኬት ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይደርቃሉ፤ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከሞተሩ ጋር እነዚህንም ቢያስፈትሽ ይጠቀማል።

በጉዞ ላይ ራስ ምታትና ማዞር ከተሰማዎት፣ በተለይም አብረዎት ያሉት ሰዎች ተመሳሳይ ስሜት ካላቸው፣ መኪናውን አቁመው ሞተሩን ያጥፉ። ሁሉም ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ፤ ሳይዘገዩም የሕክምና እርዳታ ይጠይቁ። ምንጩ ሳይገኝ በዚያ መኪና ጉዞ መቀጠል አይገባም።