የጃፓኗ ቪትዝ 102.1ን ለምን አትሰማም? የመኪና ሬዲዮ ሲቀየር ስለሚነኩት ሽቦዎችና ስለ አንቴናው

ከጃፓን የመጣች ያገለገለች መኪና ገዝተው ከሆነ ይህ ነገር ደርሶብዎት ይሆናል። ቁልፉን ያዞራሉ፣ የሬዲዮው መብራት ቦግ ይላል፣ ጣቢያ መፈለጊያውን ይጫናሉ። ቁጥሩ ከ76 ተነስቶ 77፣ 78 እያለ እስከ 90 ይሄድና ተመልሶ 76 ላይ ቁጭ። ሸገር 102.1 የለም፣ ፋና 98.1 የለም፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ም የለም። ሬዲዮው ተበላሽቶ ግን አይደለም። የተሠራለትን ሥራ በትክክል እየሠራ ነው፤ ችግሩ የተሠራው ለሌላ አገር አየር መሆኑ ነው።

በአብዛኛው ዓለም የኤፍ ኤም ሥርጭት የሚተላለፈው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። ጃፓን ግን ከ90 እስከ 108 ያለውን ቦታ ለቴሌቪዥን ቻናል 1፣ 2 እና 3 ሰጥታው ስለነበር፣ ኤፍ ኤምን ከ76 እስከ 90 ላይ አሰፈረችው። የአናሎግ ቴሌቪዥን ከቆመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ፣ እስከ 95 ድረስ ያለው ለሬዲዮ ተከፍቷል። ያም ቢሆን ለእኛ 97.1 አይደርስም።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሬዲዮውን ሳይቀይሩ «ባንድ ኤክስፓንደር» የምትባለውን ትንሽ ሳጥን በአንቴናው ገመድና በሬዲዮው መካከል ማስገባት ነው። ሰው እንደ ተአምር ያያታል፤ ሥራዋ ግን መቀነስ ብቻ ነው። ውስጧ አንድ ቋሚ ሞገድ የሚያመነጭ ክሪስታል አለ፣ 20 ሜጋኸርዝ ነው እንበል። ሁለት ሞገዶች በአንድ ዑደት ውስጥ ሲባዙ የድግግሞሻቸው ድምርና ልዩነት ይወለዳል። ከአየር ላይ የመጣው 102.1 ከ20 ጋር ሲባዛ 122.1 እና 82.1 ይሰጣል፤ ሬዲዮው 122.1ን አያየውም፣ 82.1ን ግን ደስ ብሎት ይቀበላል። ስለዚህ ሸገርን 82.1 ላይ፣ ፋናን 78.1 ላይ፣ ኤፍ ኤም አዲስን 77.1 ላይ ያገኟቸዋል።

ሲገዙ ታዲያ ቁጥሩን አይተው ይግዙ። ኤክስፓንደሮች በ10፣ 12፣ 16፣ 20 እየቀነሱ የሚሠሩ አሉ። የ12ቱን ቢወስዱ 97.1 ወደ 85.1 ይመጣልዎታል፣ 102.1 ግን 90.1 ይሆናል። የሬዲዮው ጣሪያ 90 ነው፤ በ0.1 ምክንያት አመለጠ ማለት ነው። የ20ውን ከወሰዱ ደግሞ ከ96 በታች ያሉ ጣቢያዎች ከ76 ስር ይወድቃሉ፤ 90.7 ላይ ያለ ጣቢያ 70.7 ይሆንና ይቀራል። ከጃፓን የመጣው ሬዲዮ 14 ሜጋኸርዝ ስፋት ብቻ ነው ያለው፤ የእኛ ደግሞ ከ20 በላይ ነው። ሰፊውን በጠባቡ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ማስገባት አይቻልም። በዚያ ላይ ሳጥኗ ራሷ ትንሽ ሹክሹክታ ትጨምራለች። እኔ ብጠየቅ፣ ገንዘቡ ካለ ሬዲዮውን ይቀይሩት እላለሁ።

ሁለተኛው መንገድ እሱ ነው፤ ጣጣው ያለውም እዚያው ነው።

ቀለም አይመኑ

ሶማሌ ተራም ይግዙት ሌላ ቦታ፣ ለብቻው ተሽጎ የሚመጣ ሬዲዮ ከኋላው የሽቦ ጭራ አለው። የእነዚህ ሽቦዎች ቀለም በአብዛኞቹ አምራቾች ዘንድ ተመሳሳይ ነው። ቢጫ ከባትሪ ሁልጊዜ የሚመጣ 12 ቮልት፣ ቀይ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣ 12 ቮልት፣ ጥቁር ደግሞ መካኒኮቻችን ማሳ የሚሉት፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኘው ነው። ሰማያዊ ለአንቴና፣ ሰማያዊ ነጭ መስመር ያለው ለተጨማሪ አምፕሊፋየር። ነጭ የፊት ግራ ስፒከር፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ሐምራዊ የኋላ ቀኝ። ጥቁር መስመር ያለበት የእያንዳንዱ ስፒከር ኔጌቲቭ ነው።

ቆንጆ ሥርዓት ነው። መኪናው ግን ይህን ሥርዓት አያውቀውም። በብዙ ቶዮታዎች የፋብሪካው ሽቦ ላይ ሁልጊዜ ኃይል ያለው ሰማያዊ ከቢጫ መስመር ጋር ነው፣ በቁልፍ የሚመጣው ግራጫ ነው፣ ማሳው ቡናማ ነው። ጥቁሩስ? ጥቁሩ የኋላ ግራ ስፒከር ፖዘቲቭ፣ ቢጫው ደግሞ የዚያው ስፒከር ኔጌቲቭ! እንግዲህ «ጥቁር ከጥቁር፣ ቢጫ ከቢጫ» ብሎ የሚያስር ባለሙያ ምን እንደሚሠራ ያስቡት።

በእኔ መኪና ላይ የሆነው ይኸው ነው፣ በከፊል። የገጠመልኝ ልጅ ኃይሉን በቴስተር ፈልጎ በትክክል አገኘ፣ ማሳውን ግን በቀለም አሰረው፤ ጥቁር ከጥቁር። የሚገርመው ሬዲዮው ሠራ። ከኋላ በግራ በኩል ያለው ስፒከር ዝም አለ፣ ሞተር ሳስነሳ ከነዳጅ መርገጫው ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል ጩኸት መጣ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጌ ረጅም መንገድ ስነዳ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከፍቼ ስነካው የጋለው የኃይሉ ሽቦ አልነበረም፣ የአንቴናው ገመድ ነው።

ሦስቱም ምልክቶች ከአንድ ምክንያት የመጡ ናቸው። ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው መመለሻ መንገድ ይፈልጋል። ትክክለኛው መመለሻ ስላልተሰጠው ያገኘውን ወሰደ፤ የአንቴናው ገመድ ውጫዊ መረብ ከሬዲዮው ቆርቆሮ ተነስቶ ጣሪያው ላይ ካለው ብረት ጋር ይገናኛልና። ያ ቀጭን መረብ የተሠራው ሚሊዮንኛ ቮልት ለሚለካ ምልክት መከለያ እንዲሆን እንጂ ብዙ አምፔር እንዲሸከም አይደለም። ስለዚህ ጋለ። ከዲናሞው የሚመጣው የቮልቴጅ ሞገድም በዚያው መንገድ ስለሚያልፍ ጩኸት ሆኖ ተሰማ። ሬዲዮው ፊውዝ ነበረው፣ ፊውዙ ግን አልተቃጠለም፤ የሚፈሰው መጠን ልክ ነው፣ የሚፈስበት መንገድ እንጂ። ፊውዝ ደግሞ መንገድ አይጠይቅም።

ስለዚህ መሣሪያዎ ካቻቢቴና ፒንሳ ብቻ አይሁኑ፤ ርካሽ ዲጂታል ቴስተር ይጨምሩበት። ሥራው እንዲህ ነው። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ቀለም ካልተቀባ የመኪናው ብረት ጋር ያስይዙ። ቁልፉ ወጥቶ እያለ 12 ቮልት ገደማ የሚያሳየው ሽቦ የማያቋርጠው ነው። ቁልፉን የመጀመሪያው ማቆሚያ ላይ ሲያደርጉ ብቻ የሚነሳው ሁለተኛው ነው። መብራት ሲያበሩ የሚነሳ ካገኙ የሬዲዮው ፊት ማብሪያ ነው። እነዚህን ከለዩ በኋላ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱና ማሳውን ይፈልጉ፤ ቴስተሩን ወደ ኦም ይቀይሩት፣ ከመኪናው ብረት ጋር ዜሮ አካባቢ የሚያሳየው እሱ ነው።

ስፒከሮቹን ለማግኘት ደግሞ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ፣ ያቺ የ1.5 ቮልቷ፣ ትበቃለች። ሁለት ሽቦ ላይ ለቅጽበት ሲያስነኳት ከአንዱ በር «ጧ» የሚል ድምፅ ይመጣል። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ከገፋ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ ፖዘቲቭ ነው። ይህ ነገር ቅንጦት እንዳይመስልዎት። አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ከታሰረ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙ እርስ በርሱ ይጣፋና ዘፈኑ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ይመስላል። ሰው ይህን ሰምቶ «ሬዲዮው ፌክ ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በቀልድ የማይታለፍ። በዳሽቦርዱና በመሪው አካባቢ ቢጫ ሶኬት ያላቸው ወይም በቢጫ የተሸፈኑ ሽቦዎች በብዙ መኪኖች የኤርባግ ናቸው። በቴስተርም፣ በሰዓት ባትሪም አይንኳቸው፤ ትንሽ ኃይል ልትፈነዳቸው ትችላለች። ቶዮታ የባትሪው ኔጌቲቭ ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ እንዲጠበቅ ይመክራል፣ የኤርባጉ መጠባበቂያ ኃይል እስኪፈስ ማለት ነው። ዳሽቦርዱን የሚፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ አገር ካሉት ቪትዞች ብዙዎቹ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ስለሆነ፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ የተቆረጠና የተቀጠለ ሽቦ ቢያገኙ አይደንግጡ፤ ቀለሙን ላለማመን ግን ሌላ ምክንያት ይሁንዎት።

የሚቻል ከሆነ ደግሞ ምንም አይቁረጡ። በአንድ በኩል በመኪናው የፋብሪካ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ በሌላ በኩል የአዲሱን ሬዲዮ ቀለሞች የያዘ ማገናኛ ይሸጣል። መቀጠል ግድ ከሆነ በስታኞ ይበየድ ወይም በማጣበቂያ ሶኬት ይጨበጥ። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይሰነብትም፤ ሙጫው ይቀልጥና ይንሸራተታል።

ስለ ዋትና ስለ ባትሪ

ካርቶኑ ላይ «50 ዋት × 4» ተጽፎ ያያሉ። ሞተር ሲነሳ የመኪናው ቮልቴጅ 14.4 ገደማ ነው፣ ስፒከሩ 4 ኦም። የዘመኑ ሬዲዮ ስፒከሩን ከሁለቱም ጫፍ ስለሚገፋው ሞገዱ ቢበዛ እስከ 14.4 ቮልት ይወጣል። ያልተዛባ ድምፅ ሲሆን ይህ 14.4 × 14.4 ÷ 8፣ ማለትም 26 ዋት አካባቢ ነው፣ በተግባር ከዚያም ያንሳል። 50ው የሚገኘው በ8 ፈንታ ለ4 ሲያካፍሉ ነው፤ ድምፁ ጫፉ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ሰሚው ጆሮውን ሲይዝ ማለት ነው። ፊውዟን ይመልከቱ። 10 አምፔር ከሆነች 144 ዋት ብቻ ነው የምታሳልፈው፤ 4 ጊዜ 50 ግን 200 ነው። ካርቶኑ ይዋሽ፣ ፊውዟ አትዋሽም።

ከሁለቱም ጫፍ ይገፋል ስንል ሌላም ነገር ይከተላል። ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች የባትሪው ግማሽ ቮልቴጅ አካባቢ፣ 6 ወይም 7 ላይ ተቀምጠዋል። «ኔጌቲቭ ነው» ብለው ከብረት ጋር ካሰሩት የሬዲዮውን አምፕሊፋየር ያቃጥሉታል። በጣም አሮጌ መኪኖች ላይ ስፒከሮቹ አንድ የጋራ ማሳ ነበራቸው፤ እነዚያ ላይ አዲስ ሬዲዮ ከገባ አዲስ ሽቦ እስከ በሩ መዘርጋት የግድ ነው።

ባትሪውን በተመለከተ፣ ቢጫውና ቀዩ ለምን ተለያዩ? ቢጫው ሰዓትና የተቀመጡ ጣቢያዎችን ያስታውሳል፤ ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ነው የሚጠጣው። በ5 ሚሊአምፔር ቢሄድ 45 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ለአንድ ዓመት ይበቃዋል። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ግን ሁለቱን አንድ ላይ ከማያቋርጠው ኃይል ጋር ያስራቸዋል፤ «ያለ ቁልፍም ይከፈትልዎታል» ይልዎታል፣ እንደ ጉርሻ። ዓርብ ማታ ድምፁን ዝቅ አድርገው ሳያጠፉት ወርደዋል እንበል። 1 አምፔር እየጠጣ እስከ ሰኞ ጠዋት 60 ሰዓት ነው። ባትሪው 45 ነበር።

አንቴናው

ሰው አዲስ ሬዲዮ አስገብቶ «ከድሮውም የባሰ ነው» ሲል፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከአንቴናው ነው። የ100 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ነው፤ ጥሩ አንቴና የዚህ ሩብ፣ 75 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሌላውን ግማሽ ሥራ የሚሠራው የመኪናው ብረት ራሱ ነው። ለዚህ ነው አንቴናው ሥር ያለው ዝገትና ቀለም ምልክቱን የሚያዳክመው፣ ለዚህም ነው ለውበት ሲባል በጣት የምታክል የምትገባው አንቴና ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ደብረ ብርሃን ሲያቀኑ ቶሎ የምትከዳዎት። በሙጫ የምትለጠፈው የሻርክ ክንፍ ደግሞ ብዙዋ ባዶ ፕላስቲክ ናት።

አንቴናው በኋላ መስታወት ላይ የተሳለ መስመር ከሆነ ከጎኑ ትንሽ ማጉያ አለችው፣ እሷም 12 ቮልት ትፈልጋለች። የድሮው ሬዲዮ ይሰጣት ነበር። አዲሱ ሲገባ ያቺን ሰማያዊ ሽቦ «ትርፍ ናት» ብለው በናስትሮ ጠቅልለው ይተዋታል፤ ማጉያዋ ትተኛለች፣ ጣቢያው ይንሿሿል። ከአንቴናው ወይም ከማጉያው ጋር ያገናኟት። ብቻ ብዙ ኃይል የሚወስድ ነገር፣ ለምሳሌ ፋን ወይም መብራት፣ በእሷ ላይ አያንጠልጥሉ፤ የምትሸከመው ትንሽ ነው። መሰኪያው ካልገጠመ ማገናኛ ይግዙ እንጂ ገመዱን ቆርጠው አይጠምዝዙት። የመሃሉ ሽቦና ውጫዊው መረብ ከተነካኩ ምልክቱ እዚያው ይሞታል።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ፣ ዳሽቦርዱ ሳይገጠም፣ ባትሪውን ይመልሱና ሞተር ያስነሱ። መብራቱን፣ የመስታወት ማሞቂያውንና የዝናብ መጥረጊያውን ይክፈቱ። ከዚያ ኤፍ ኤም ሳይሆን ኤ ኤም ላይ አንድ ደካማ ጣቢያ ይፈልጉ፤ ኤ ኤም ለጩኸት ስስ ስለሆነ የተደበቀውን ሁሉ ያወጣዋል። ነዳጅ ሲረግጡ አብሮ የሚያለቅስ ነገር ከሰሙ መጀመሪያ ወደ ማሳው ይመለሱ። ካልሰሙ አሥር ደቂቃ ድምፁን ከፍ አድርገው ያጫውቱት፣ ከዚያ እጅዎን ከኋላ ያስገቡና የአንቴናውን ገመድ ይንኩት፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ብሎኖቹን ያስሩ።