ኔትፍሊክሱ ይቀጥል ወይስ ይቋረጥ?
ነቀምቴም ይኑሩ ቢላ፣ በየወሩ ለኔትፍሊክስ የሚከፍሉ ከሆነ ሂሳቡን ከወርሃዊ ክፍያው አይጀምሩ፤ ከዳታው ይጀምሩ። መካከለኛ ጥራት ያለው ምስል በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ፣ ጥራቱ ከፍ ሲል ደግሞ እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል። ልጆች በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ቢያዩ እንኳ በወር 30 ጊጋባይት ገደማ መሆኑ ነው። ያልተገደበ የቤት ዋይፋይ ካለዎት ግድ የለም፤ በሞባይል ጥቅል ከሆነ ግን ኪስ የሚያራቁተው ዳታው ነው።

ክፍያው በዶላር መሆኑንም አይርሱ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዛሬ ከ100 ብር በላይ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «በእኔ አካውንት ተመልከቱ» ማለቱም እንደ ድሮው አይሠራም፤ ኩባንያው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከአንድ ቤት ውጭ መጋራትን አጥብቋል።

የኔትወርኩም ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡን የወለጋ ሰው አይረሳውም። ወደ ኢትዮሳት የዞረ ዲሽ ግን ያለ ወርሃዊ ክፍያ የአፋን ኦሮሞውንም የአማርኛውንም ጣቢያ ያመጣል፤ አያትም አብረው ያያሉ።

እንግዲህ ባለፈው ወር ቤተሰቡ ያየውን ይቁጠሩ። ከሦስት ፊልም ካልበለጠ፣ በእኛ ግምት ዛሬውኑ ማቋረጥ ይሻላል። የከፈሉበት ወር እስኪያልቅ ማየት ይችላሉ፤ ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ለአንድ ሁለት ወር መልሰው ይከፍቱታል። ያኔም ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲደርሱ የልጆቹን ፊልም በስልክዎ አውርደው ይያዙ።